ባዶ ሲሄድ የሚያንኳኳው መኪና

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤቴ በር ላይ ነው። ጭነት አራግፌ ባዶዬን እየተመለስኩ ነበር። የፒካፑ የኋላ ጎማ ቦዩን ተሻግሮ ወደ ግቢ ሲገባ ከመኪናው ሆድ ውስጥ አንድ ነገር «ቋ» አለ። ሞተሩን አጥፍቼ መሪውን እንደያዝኩ አዳመጥኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሮጌ ነገር መንኳኳቱ አይቀርም ብዬ ወርጄ፣ እጄን ታጥቤ እራቴን እበላ ነበር። ያን ሰሞን ግን ሰውነቴ በሙሉ ጆሮ ሆኖ ነበር።

ሚስቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛ አንገር ጉቲን እናቷ ዘንድ ነበረች። ከዚያ በፊት የነበረው እርግዝና እዚሁ ነቀምቴ፣ ቤታችን ውስጥ፣ መጨረሻው ላይ ዝም አለ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ሲራገጥ የነበረው ልጅ አንድ ቀን ሳይራገጥ ዋለ፤ ደክሟት ነው ተባለ። በማግስቱም አልተራገጠም። ሐኪም ቤት ስንደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። የአሁኑን ስትፀንስ አማቴ ልጄን ከዓይኔ አላርቅም አለች፤ ሐኪሙ ደግሞ ምጥ እስኪመጣ ሳትጠብቁ ሆስፒታል አጠገብ ትሁን ብሎ አስጠነቀቀን። በመጨረሻ ሁለቱንም የሚያስማማ ነገር ተገኘ። ወሯ እስኪገፋ እናቷ ጋ ትቆያለች፤ ከዚያ እኔ ወርጄ በራሴ መኪና አመጣታለሁ። ከዚህ ሁሉ የእኔ ድርሻ ማምጣት ብቻ ነበር፤ መኪናው ደግሞ በዚያው ሳምንት ያንኳኳ ጀመር።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ከነቀምቴ ወደ ቆላው እየወረደ ኡኬን ያልፍና አንገር ሜዳ ላይ ይዘረጋል። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው፣ በሁለቱም ወቅት ጉድጓዱ አለ። በዚያ ላይ እንደ ድሮው በፈለጉት ሰዓት የሚጓዙበት አይደለም፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ መኪና አይታይበትም። እዚያ መሀል ላይ ጎማ ወልቆብኝ፣ ሚስቴ አቧራው ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በዓይነ ሕሊናዬ አየዋለሁ። በቀን አየዋለሁ፣ በሕልሜም አየዋለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

ፍለጋ ጀመርኩ። ከወንበሩ ኋላ ያለውን ክሪክና የጎማ መፍቻ አውጥቼ ቤት አስገባሁ፤ ባዶዬን ሰፈሩን ዞርኩ፤ ቋ አለ። የኋላውን መዝጊያ ከአሮጌ ጎማ በቆረጥኩት ላስቲክ ጠፍሬ አሰርኩት፤ ቋ አለ። ትርፍ ጎማውን አወረድኩ፣ የሰሌዳውን ብሎን አጠበቅኩ፣ የዳሽቦርዱን መሳቢያ በጨርቅ ጠቀጠቅኩት። ጎረቤቴ ጡረተኛው መምህር ቆሞ ሲያየኝ ቆየና የጭስ ማውጫው ነው አለ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ሞተሩ ከመቀመጫው ለቋል ብለው ፈረዱ። ለታመመ ሰውና ለታመመ መኪና መድኃኒት የማያዝ የለም። እኔም ሁሉንም ሰማሁ፣ ሁሉንም አመንኩ።

የራሴ ጆሮ ግን አንድ ነገር ላይ ድርቅ ብሎ ነበር። ድምፁ የሚመጣው ከፊት በስተቀኝ፣ ሚስቴ ከምትቀመጥበት ወንበር ሥር ነው። ምልልሱ ሁሉ እሷን ለማምጣት ስለሆነ አደጋውም ከእሷ ሥር መሆን ነበረበት። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ማንም በተቃራኒው ቢነግረኝ እጣላው ነበር።

እዚያው ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የማውቀው መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ አባቴ የሚሆን፣ ኦሮምኛውንና አማርኛውን እኩል የሚያነሣ የሚጥል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከእኔ ጋርም እንደዚያው እንግባባለን፤ ወላጆቼ በረሃብ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸውና ቤት ውስጥ የወሎ አማርኛ፣ ከደጅ ኦሮምኛ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ወደ እሱ ስሄድ መንገድ ላይ ሰዎች እጃቸውን አነሡ፤ ቆሜ ጫንኳቸው። እዚህ አገር ባዶ መኪና ይዞ ሰው ጥሎ ማለፍ ነውር ነው። ወለጋ ውስጥ የፒካፕ ጀርባ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ማንም አያስፈቅድም፣ ማንም አይከለክልም። ተሳፋሪዎቹ ጋራዡ አጠገብ ወረዱ። ድምፁ በዚያ መንገድ ሁሉ አንድም ጊዜ አልተሰማም።

አፈርኩ። ጥርሱን እያመመው ሄዶ ሐኪሙ በር ላይ ሲደርስ የተሻለው ሰው ሆንኩ። መካኒኩ እስቲ እንስማው ብሎ መሪውን ያዘ፤ አብረውት የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ከኋላ ሆነው ለማዳመጥ መጫኛው ላይ ዘለው ወጡ። ጉድጓድ እየመረጠ ዞረ። ዝም። በክሪክ አንሥቶ የፊት ጎማዎቹን ወዘወዛቸው፤ እኔ ባመለከትኩት በቀኙ በኩል በረጅም ብረት እየፈነቀለ መገጣጠሚያውን ሁሉ አየ፤ ያጠበቀውን አጠበቀ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠየቀኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ መቼ መቼ ነው የሚያንኳኳው?»

«ሁልጊዜ» አልኩት።

ፍርሃት ሲጠይቁት የሚመልሰው እንዲህ ነው። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። እንደ ልጁ ቢያዝንልኝም ያልሰማውን እንደማይፈታ ነገረኝ። ስሄድ ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግባ ብሎ መረቀኝ፤ ምርቃቱን ብወደውም ብሎን የሚተካ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ጉቲን ወረድኩ። መናኸሪያው ዳር ቆመው ከነበሩት ሰዎች ግማሾቹ ተሳፈሩ። ወደ ሥራቸው የሚመለሱ አስተማሪዎች ነበሩ፣ ሽንኩርት በጆንያ የያዘች ሴት ነበረች፣ ቆርቆሮ የያዘ ሰው ነበር። መኪናው እስከ ቆላው ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቁልቁለቱ ላይ፣ ድልድዩ ላይ፣ የታወቁት ጉድጓዶች ላይ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩት፤ የለም። ሌላ ሰው ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ባሰብኝ። የሚያንኳኳ ነገር ቢያንስ አለሁ ይላል። ዝም ያለ ነገር ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም፤ እኔ ደግሞ ከዝምታ ጋር የቆየ ቂም ነበረኝ።

አማቴ ቤት ስደርስ ሰላምታውን እንደ ነገሩ አድርጌ ማንጎው ሥር ያቆምኩት መኪና ሆድ ውስጥ ገባሁ። በጀርባዬ ተኝቼ ብረት ስነካካ የሚስቴ እግሮች መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እግሮቿ አብጠዋል።

«እኔን ነው ወይስ መኪናውን ልትጠይቅ የመጣኸው?» አለች።

ወጥቼ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ነበር የምትስቀው። ደህና ነሽ ስላት ደህና ነኝ አለች። አመንኳት።

ጉዞው በማግስቱ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ለነቀምቴ ገበያ ሰሊጥና ማንጎ ያዘጋጁ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ ጉዳይ የሚያስፈጽሙ ጎረቤቶች ከኋላ ቦታቸውን ይዘው ነበር። ጠዋት ሚስቴ በእናቷ ተደግፋ ስትወጣ ግን አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተክለው ተነሡ። እሳቸው ከወላጆቼ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው ከወሎ የመጡ፣ ሰፈሩ ቃላቸውን የማያልፍ ሰው ናቸው። ይቺ ልጅ ባለ ሁለት ነፍስ ናት፤ መኪናውን አናክብድባት፤ ቀለል ብሎት እንዳያንገላታት ቀስ ብሎ ይሂድላት አሉ። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ። ሰሊጡ ወረደ፣ ማንጎው ወረደ፣ የተሳፈሩት ወረዱ። የገበያ ቀናቸውን ለእሷ ብለው ተዉት።

ፒካፕ የነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔም አውቅ ነበር። ይህ መኪና የተሠራው ለጭነት ነው፤ ሲጫን ረጋ ይላል፣ ባዶውን ሲሆን እንደ ጥጃ ይዘላል። እነዚያ ደግ ሰዎች ሚስቴን ለማሳረፍ ብለው ሊያንገላቷት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እንዴት ይባላል? በሽማግሌ ቃል ለነፍሰ ጡር ብሎ የወረደውን ተመልሰህ ውጣ ብል፣ ሚስቱን ከጆንያ ጋር አጨናንቆ ወሰዳት እባል ነበር። ይሉኝታ አፌን ያዘው። ፍራሽ አጣጥፈን ከሥሯ አደረግን፣ አማቴ መሀል ላይ ሙስበሃዋን ይዛ ተቀመጠች፣ ሰፈሩ በዱዓ ሸኘን።

ገና ከሰፈሩ ሳንወጣ ቋ አለ።

ከዚያ በኋላ አላቋረጠም። በየጉድጓዱ የኋላው ይነሣና ይወድቃል፤ ሲወድቅ ቋ ይላል፤ ቋ ባለ ቁጥር ሚስቴ ዓይኗን ትጨፍናለች። ፍጥነት ስቀንስ ሰዓቱ ያሳስበኛል፣ ስጨምር ጎማው የወጣ ይመስለኛል። አማቴ አንዱን ፍሬ ከሌላው እያስከተለች ሙስበሃዋን ትቆጥራለች፤ በየመሀሉ አብሽር ልጄ፣ አብሽር ትለኛለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት አእምሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። 

ኡኬ ሳንደርስ አንድ ዛፍ ሥር አቆምኩ። ጎንበስ ብዬ አራቱንም ጎማ በእጄ ወዘወዝኩ፤ ሁሉም በቦታው ነው። አማቴ ለውሃ ሽንት ወርዳ ወደ ቁጥቋጦው ሄደች። በመስኮቱ በኩል ቀና ስል ሚስቴ ስታየኝ አገኘኋት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እናቴ እንዳትሰማ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።»

  ያን ያህል ቀን መሬት ላይ ተንጋልዬ ሳዳምጥ የከረምኩት የተሳሳተውን ሆድ እንደነበር ያን ጊዜ ተሰማኝ፤ ንዴትም ፍርሃትም አንድ ላይ መጡብኝ። ትናንት ለምን አልነገርሽኝም ልላት ፈለግኩ። ግን ፊቷን አየሁት፤ ያለፈውን የምታስታውሰው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ለእኔ እንዳትነግረኝ የያዛት፣ እኔንም ለሽማግሌው እንዳልናገር የያዘኝ ያው ይሉኝታ ነው፤ ሰው እንዳይጨነቅብኝ ማለት። ጎንበስ ብዬ እጄን ሆዷ ላይ አደረግኩ። ሞቃት ነው። ሌላ ምንም የለውም። አማቴ ተመለሰች፤ ተነሣን።

አሁን መፍጠን ነበረብኝ፤ መኪናው ግን አላስፈጥን አለኝ። በፍጥነት ስሄድ ዝላዩና ኳኳታው ሚስቴን ያንገላታታል፤ ስቀንስ ሆስፒታሉ ይርቃል። ኡኬ ስንደርስ መንገድ ዳር ጆንያቸውን ይዘው የቆሙ ሰዎች እጃቸውን አነሡ። ቀረብ ስንል ውስጥ ያለችውን አይተው እጃቸውን መልሰው አወረዱ። ያው ደግነት፣ ያው ይሉኝታ። እኔ ግን የወረደውን እጅ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ጨለለቂ ቤቴ በር ላይ ሲያንኳኳ ባዶ ነበርኩ። ጋራዥ ስሄድ ሰው ጭኜ ነበር። መካኒኩ ሊሰማው ሲዞር ሁለት ሰዎች ከኋላ ነበሩ። ትናንት ስወርድ ሞልቼ ነበር። መቼ መቼ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ያልኩት ውሸት ነበር። መልሱ ባዶዬን ስሆን ነው።

ፍሬን ያዝኩና ውጡ አልኳቸው። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ሴት ሚስቴን እያመለከተች አይሆንም፣ ትጎዳለች አለች። ወርጄ ጆንያዎቻቸውን በራሴ እጅ አነሣሁ። ከኋላ በኩል፣ ከጎማው በላይ ደረደርኳቸው፤ ክብደት ካለው ለእሷ እንደሚሻላት በኦሮምኛም በአማርኛም እየደጋገምኩ አስረዳኋቸው። ያበደ መስዬአቸው ይሁን ወይም ስላመኑኝ አላውቅም፤ ወጡ።

መኪናው እንደ በሬ ረጋ ብሎ ተነሣ። ኳኳታው ጠፋ፣ ዝላዩም ጠፋ። ፈጥኜ ነዳሁ። ኬላው ላይ ወታደሩ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አይቶ ሂድ አለኝ። ዳገቱን ስንይዝ ከሙስበሃው በቀር ምንም አይሰማም። ያገኘሁት ዝምታ ለቀናት ስመኘው የነበረው ነው፤ አሁን ግን አላስፈለገኝም። በየኪሎሜትሩ በዓይኔ እጠይቃታለሁ፤ እሷ ራሷን ትንሽ ወዝወዝ ታደርጋለች፤ አልተንቀሳቀሰም ማለቷ ነው። ከዚያ መጠየቅ ፈራሁና ፊት ለፊት ብቻ አየሁ።

ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ ተሳፋሪዎቹ ጣሪያውን መታ መታ አድርገው ወረዱ። ያቺ አይሆንም ያለችው ሴት በመስኮቱ እጇን አስገብታ የሚስቴን ትከሻ ነካች፤ ዋቅኒ ሲ ሃ ገርጋሩ፣ ፈጣሪ ይርዳሽ አለቻት። ጆንያዎቹም ወረዱ። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደውን የኮብልስቶን መንገድ ያዝኩ፤ ባዶዬን።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ቋ አለ። ከቀኑ ሁሉ የባሰ ነበር። ሚስቴ ዓይኗን ከፈተች፤ የእናቷን የእጅ አንጓ ጨበጥ አደረገች።

«ተራገጠ» አለች።

ፍሬን ረገጥኩ።

«አትቁም። በጉድጓዱ ላይ ሂድ።»

አማቴ ሙስበሃዋን አቁማ ምን ሆኖ ነበርና ነው አለች።  ስንት ቀን ስሸሸው የነበረውን ድምፅ አሁን አሳድደው ጀመር። የተነሣ ድንጋይ ሳይ ወደ እሱ፣ የውሃ ቦይ ሳይ ወደ እሱ። ቋ ይላል፤ ሚስቴ ትጮኻለች ማለት አይቻልም፣ ግን ትንፋሿ ይሰማኛል፤ አዎ ትላለች፣ ደግሞ አዎ ትላለች። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ጠጥቶ ነው ሳይሉኝ አልቀሩም። አማቴ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባትና ከንፈሯን ነክሳ አለቀሰች፤ በዚያው እያለቀሰች፣ በስተግራ አንድ ትልቅ ጉድጓድ አለ ብላ በአገጯ አመለከተችኝ።

ሆስፒታል ውስጥ አዋላጇ የልብ ምት መስሚያውን የሚስቴ ሆድ ላይ አድርጋ ፈለገች። መጀመሪያ የሚሰማው ሽውታ ብቻ ነበር። መሣሪያውን ትንሽ አንቀሳቀሰች፤ አሁንም ሽውታ። መካኒኩ ብረቱን ይዞ ሲፈልግ እንደነበረው እሷም ከቦታ ቦታ ትሄዳለች፤ እኔ እዚህ ጋ ነው፣ እዚያ ጋ ነው ማለት አልደፈርኩም። ከዚያ ድንገት መጣ። ፈጣን፣ ጠንካራ፣ የማያቋርጥ ምት ክፍሉን ሞላው። ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ሚስቴ ወደ እኔ ዞራ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ፣

«ይሄንን ደግሞ ጋራዥ እንዳትወስደው» አለችኝ።

አዋላጇ አልገባትም። እዚያው አስተኝተው እንደሚከታተሏት ነገረችን።

ልጄ በሰላም ከተወለደች በኋላ መኪናውን ወደ በከኒሳ ቀሴ ባዶውን ይዤ ሄድኩ፤ እጃቸውን ያነሡትን ሰዎች በመስኮት ይቅርታ እየጠየቅኩ። መካኒኩ ግቢው ሳልደርስ ድምፁን ሰማው። የመኪናውን ጀርባ የሚሸከመው ባሌስትራ ጫፍ ላይ ያለው ቦኮላ የሚባለው የጎማ ቀለበት ተበልቶ አልቋል፤ ሲጫን ብረቱ ብረቱን ተጭኖ ይይዘዋል፣ ባዶ ሲሆን ይላላና ይማታል። ከፊት በስተቀኝ አልነበረም፣ ከሚስቴ ወንበር ሥርም አልነበረም። ለውጦት ሲጨርስ አሁን ይሂድልህ አለኝ።

ወደ ጨለለቂ ስመለስ ባዶዬን ነበርኩ። ግቢያችን በር ላይ ያለውን ቦይ ሆን ብዬ በፍጥነት ተሻገርኩት። ምንም አላለም። መጠገኑን አውቃለሁ፤ የተበላው ቀለበት ጋቢናው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጧል። ያም ሆኖ ዝምታውን አላመንኩትም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ወደ ቤቱ አዳመጥኩ። ከውስጥ ልጄ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ሞተሩን ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው።